ክብደትና ጥርስ ምን አገናኛቸው?

እህቴ፣ «የ8 ዓመቷ ልጄ ክብደቷ ከእኩዮቿ በለጥ ይላል። ሐኪሙ ጥርሷ ከዕድሜዋ ቀድሟል፣ ለሽቦ ቶሎ ትታይ አለኝ። ክብደትን ከጥርስ ምን አገናኘው? ወይስ ገንዘብ ፈልጎ ነው?» ብለሻል። የገንዘቡን እንጃ። የመቅደሙ ነገር ግን እውነት ነው፤ በልጄ አይቼዋለሁ።

ልጄ ከሕፃንነቱ ድንቡሽቡሽ ያለ ነበር። 10 ሳይሞላው የወተት ጥርሱን በሙሉ ጣሪያ ላይ ወርውረን ጨረስን። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ቶሎ ማደግ ምን ነውር አለው? የላይ ጥርሶቹ ግን ወደ ፊት ወጣ ወጣ አሉ። የሰፈራችን ክሊኒክ «12 ሲሞላው አምጪው» አለኝና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

11 ከመንፈቅ ሲሆነው ትምህርት ቤት «ገጣጣ» እያሉት እያለቀሰ መጣ። ያኔ ኦርቶዶንቲስት፣ ማለትም የጥርስ አሰላለፍ የሚያስተካክል ሐኪም ጋ ወሰድኩት። (እናቴ ስሙን ስትሰማ ቄስ መስሏት ነበር።) ሐኪሙ ራጁን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ በእስክሪብቶ ጫፍ የኋላውን መንጋጋ አሳየኝ። ብዙ ጊዜ 12 ዓመት አካባቢ የሚወጣው ጥርስ፣ የሱ ወጥቶ ከርሟል። «ልጅሽ 11 ነው፣ ጥርሱ ግን 13» አለኝ። ለካ የጥርስ ዕድሜ የሚባል ነገር አለ። በታች በግራ በኩል ያሉትን 7 ጥርሶች ያያሉ፤ የጥርሶቹ ሥር ምን ያህል እንደረዘመ፣ የሥሩ ጫፍ እንደተዘጋ። ከጎን በተነሳው ራጅ ደግሞ የአንገቱን አጥንት አይቶ፣ የፈጣን እድገቱ ጊዜ እያለቀ ነው አለኝ። የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚያመጣው አፍ ውስጥ የሚጠለቅ ዕቃ ደህና የሚሠራው በዚያ ጊዜ ነው። ለጥቂት ደረስን።

ያንቺን ጥያቄ ያኔ ጠየቅኩት። ክብደታቸው በዛ ያለ ልጆች ጥርሳቸውም አጥንታቸውም በአማካይ ይቀድማል፤ የሰውነት ስብ እድገትን የሚያዙትን ሆርሞኖች ይነካል አለኝ። በአማካይ ነው እንግዲህ። ዘርም አለበት፣ ሴቶችም ከወንዶች ይቀድማሉ። ሁለተኛዋ ልጄ ቀጭን ናት፤ ከአንድ መሶብ ነው የሚበሉት፣ እሷ ግን 11 ዓመቷ ሆኖ የወተት መንጋጋዋ ገና እየተነቃነቀ ነው።

ስለዚህ «የጥርስ ዕድሜዋ ስንት ነው? እድገቷስ የት ደርሷል?» ብለሽ ራጁን አስነብቢ። ቶሎ ትታይ ማለት ነገ ሽቦ ይታሰርላት ማለት አይደለም። በ8 ዓመት ብዙዎቹን በየስድስት ወሩ እያዩ ብቻ ይከታተሏቸዋል። ነገውኑ እንሰር ካለሽ ሌላ ሐኪም ጠይቂ። ለጥርሷ ብለሽ ግን ምግብ አትቀንሺባት፤ የወጣ ጥርስ አይመለስም። ለስላሳና ከረሜላው ሌላ ጉዳይ ነው። የወተት መንጋጋ በስብሶ ያለጊዜው ከተነቀለ፣ ከኋላው ያለው ቋሚ ጥርስ ተንሸራቶ ለተተኪው ቦታ ያሳጣዋል።

አንድ ነገር ደግሞ። ስለ ክብደቷ ስትነጋገሩ እሷ ውጭ ትጠብቅ። የኔው አጠገቤ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ምሳ ዕቃውን ሳይነካው መለሰው።