ልጁን ላኪው፤ ፍሬኑን ግን አስቀድመሽ እዪ

«ከባሕር ዳር ወደ ሆላንድ ያመጣሁት የ10 ዓመት ልጄ ብስክሌት መንዳት ይችላል፤ ትምህርት ቤት ብቻውን ልላከው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ላኪው። የእኔም ልጅ መንዳቱን ከጣና ዳር ይዛው ነው የመጣችው። ያስቸገረን ሌላ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ፍሬን። እዚህ ብዙ የልጆች ብስክሌት የሚቆመው ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ ነው። ሻጩ መቀመጫውን ከፍ ዝቅ እያደረገ «ታድግበታለች» ሲል ቆየ፤ ስለ ፍሬኑ ግን ትንፍሽ አላለም። ልጄ ከቦይ ድልድይ ስትወርድ ጣቶቿ መሪው ላይ የሌለ ፍሬን ሲፈልጉ የቆመ መኪና በር ላይ ተለጠፈች። የእሷ ጉልበት ተላጠ፤ የመኪናው በር ተጨረመተ።

ሁለተኛ፣ መድን። እዚህ አገር ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂው ወላጅ ነው። ባለመኪናው ጨዋ ሰው ነበር፤ የጋራዡ ሒሳብ ግን ጨዋ አልነበረም። በወር በጥቂት ዩሮ ቤተሰቡን በሙሉ የሚሸፍን የሦስተኛ ወገን መድን እንዳለ ያወቅሁት ከኪሴ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ለአዲስ ገቢዎች በሚሰጠው ትምህርት ላይ የንጉሡን ልደት አስጠንተውኛል፤ ይህን ያነሳልኝ የለም።

ሦስተኛ ብዬ ስለ መንገድ ምልክቶች ልጽፍ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ትዝ ሲለኝ ግን ደሜ ይፈላል። ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን ሊጨርሱ ሲሉ የትራፊክ ፈተና አለ፤ መጀመሪያ በጽሑፍ፣ ከዚያ ቁጥር ያለው ሰደርያ ለብሰው በሰፈሩ ይነዳሉ፣ በየማዕዘኑ የቆሙ ሰዎች ይመዘግባሉ። መምህሯ «ልጅህ አዲስ ናት፣ ግዴታም አይደለም፣ ይቅርባት» አለችኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ከከተማው ማዶ ነው የምትነዳው፤ ያን ጊዜ አንቺ ትሸኛለሽ ወይ? አልኳት። እሑድ እሑድ መንገዱን አብረን ነዳነው። አስፋልቱ ላይ የተቀቡት ነጭ ሦስት ማዕዘኖች ሹላቸው ወደ አንቺ ከዞረ ቅድሚያ ትሰጫለሽ፤ ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ከቀኝ የሚመጣው ይቀድማል፤ ይህን ቶሎ ያዘችው።

የጭነት መኪናውን ነገር ግን በቃል ማስረዳት አልሆነልኝም። ጎረቤታችን ሾፌር ነውና ለምኜው ጋቢና ውስጥ አስቀመጣት፤ እኔ ብስክሌቴን ይዤ በቀኙ ጎን ተጠግቼ ቆምኩ። «አባዬ፣ የት ሄድህ?» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ወዲህ ቀይ መብራት ላይ ከጭነት መኪና ጎን ቆማ አታውቅም፤ ከኋላው ራቅ ብላ ትጠብቃለች፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ጥጉን እንደሚቆርጥ ታውቃለቻ። ፈተናውንም አንድ ስሕተት ሳይመዘገብባት አለፈች። መምህሯ እንኳን ደስ ያለህ አላለችኝም።

ሄልሜት እዚህ ግዴታ አይደለም፤ ልጆቹም ይስቃሉ። ስቶክሆልም ያለችው እህቴ ግን ምርጫ የላትም፤ እዚያ ከ15 ዓመት በታች ሁሉ እንዲያደርግ ከ2005 ጀምሮ ሕግ ነው። ቪየና ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፈተና አልፎ ፈቃድ ካልያዘ ብቻውን አይነዳም። እኔ አስደርጋታለሁ፤ የሚስቅ ይሳቅ።

ሮተርዳም አካባቢ ከሆንሽ ልጄ ያደገችበት ብስክሌት ምድር ቤት ቆሟል። ሁለተኛው ስለሆነ የእጅ ፍሬን አለው፤ መብራቱም ይሠራል። መጥተሽ ውሰጂው።