ጅብ ሁዳዴን ያውቃል?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ከቀሃ ወንዝ አጠገብ እኖራለሁ። የጅብ ድምፅ ዓመቱን ሙሉ ብንሰማም በሁዳዴ ግን እስከ አጥራችን ድረስ ይመጣል፤ ዘንድሮም ደጅ ያደረችውን የጎረቤታችንን አህያ በላት። አያቴ «ጅብም ጾሙን ያውቀዋል» ይሉ ነበር። እውነት ይሆን? ጅቡስ ዱሩን ትቶ የከተማ እንስሳ ሆነ ማለት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አያትዎ ያስተዋሉት በጥናትም ታይቷል። በመቀሌ አካባቢ የጅብ ኩስ የመረመሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከጾሙ በፊት በ14.8 በመቶው ኩስ ውስጥ ይገኝ የነበረው የአህያ ጠጉር በጾሙ ጊዜ ወደ 33.1 በመቶ ከፍ ማለቱን፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ወደ 22.2 በመቶ መውረዱን ገልጸዋል። ምእመናን ለ55 ቀናት ከሥጋ ሲርቁ ሥጋ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ አጥንቱም፣ ቆዳውም፣ የሆድ ዕቃውም ከቆሻሻ መጣያው ይጠፋል። በሌላው ወር ይህን ያለ ድካም ያገኝ የነበረው ጅብ ወደ አደን ይመለሳል፤ እንደማየው ደግሞ ከላምና ከበግ ይልቅ ሌሊት ጠባቂ የማይኖራት አህያ ናት።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ ጅብ ከተማን የተላመደው ዱር የሰጠውን ችሎታ እንደያዘ ነው። በዱር የአውሬ አጥንት የሚሰባብረው መንጋጋ ከሥጋ ቤት የተጣለውንም ቅልጥም ያደቅቃል፤ የበሰበሰ ሥጋም ሆዱን አያውከውም። ቀን ተኝቶ ሌሊት መውጣቱም ከሰው ጋር እንዳይገናኝ ረድቶታል። ጎንደርን ከምሥራቅና ከምዕራብ ይዘው የሚወርዱት አንገረብና ቀሃም ሸለቆዎቻቸው ለእንዲህ ያለ እንስሳ ምቹ መተላለፊያ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን የመንጋው ኑሮ ነው፤ ልጆቹ ከዓመት በላይ ይጠባሉ፣ ሴቶቹም በእንስቶች በሚመራው መንጋ ውስጥ እንደተወለዱ ይኖራሉ፤ ስለዚህ የትኛው መጣያ መቼ እንደሚሞላ የሚያውቀው አንድ ጅብ ብቻ ሳይሆን መንጋው በሙሉ ይመስለኛል።

አንዳንዶች መፍትሔው መርዝ ነው ይላሉ። እኔ ፈጽሞ አልመክርም፤ መርዝ የተቀባ ሥጋ ጥንብ አንሳውንም ውሻውንም ይፈጃል፣ ጅቡም የሚሰጠን አገልግሎት ቀላል አይደለም። በመቀሌ ከተማ ብቻ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ተረፈ ሥጋ እንደሚያስወግዱ ተገምቷል፤ ያ ሁሉ በየጥጉ ቢበሰብስ በሽታው ለሰውም ለከብትም በተረፈ ነበር።

ይልቁንስ ከዘወረደ ሳምንት ጀምሮ አህዮች ከመምሸቱ በፊት በሩ አጥብቆ በሚዘጋ ጋጣ ውስጥ ይግቡ። እርጅና ወይም ቁስል ያገኛት አህያ ከእንግዲህ አትጭንም ተብላ በየመንገዱ መለቀቋ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ውኃና እህል ያመላለሰችልን እንስሳ ናትና ለጎረቤትዎም ይህንኑ ይንገሩልኝ።