ስለ ድባቴና ስለ ባይፖላር የጠየቃችሁኝ

የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ስለ ስሜት ሕመሞች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ባይፖላር የምለው ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚወጣበት፣ አንዴ ደግሞ ወደ ድባቴ የሚወድቅበትን ሕመም ነው። የመድኃኒት መጠን ግን ከእኔ አትጠብቁ። ጨምሩ፣ ቀንሱ የሚላችሁ የሚያውቃችሁ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሐዘንና ድባቴ በምን ይለያያሉ? ሰው ሁሉ ይከፋዋል እኮ።

ይከፋዋል። ግን የከፋው ሰው ወዳጁ ሲመጣ ፊቱ ይፈታል፤ ጨዋታ ሲነሳ ለጊዜውም ቢሆን ይስቃል። ድባቴ ሲይዝ ይሄ ይጠፋል። ሐኪሞች የሚፈልጉት ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ከሞላ ጎደል በየቀኑ የቆየ ነገር ነው፦ ወይ ስሜት ወድቋል፣ ወይ የምንወደው ነገር ሁሉ አላስደስት ብሏል። በዚህ ላይ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ጉልበትና ትኩረት ይዛባሉ። ሰውየው ይንቀራፈፋል ወይም ይቁነጠነጣል፤ ያለ ጥፋቱ ራሱን ይወቅሳል፤ ሞትን ያስባል። ከ9ኙ ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ ተገኝተው ኑሮን ካደናቀፉ ድባቴ ነው ይባላል።

ደግሞ ብዙ ሰው «ድባቴ ይዞኛል» ብሎ አይመጣም። «ራሴን ያመኛል፣ ይደክመኛል፣ ሌሊት 9 ሰዓት እነቃና ዓይኔ እንደፈጠጠ ይነጋል» ብሎ ነው የሚመጣው። ሐኪሙ የደም ምርመራ ቢያዝም አትገረሙ። የታይሮይድ እጢ ችግርና የደም ማነስ ድባቴን ይመስላሉ።

ጥያቄ፦ ቤተሰቦቼ «ስንፍና ነው፣ ተነስና ሥራ» ይሉኛል።

ሰነፍ ሰው ሥራውን ትቶ ይዝናናል። አንተ እየተዝናናህ ነው? እነሱን ለማሳመን ያለችህን ጉልበት አትጨርስ። አንዳቸውን ቀጠሮህ ላይ ይዘህ ሂድና ሐኪሙ ያስረዳልህ።

ጥያቄ፦ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ጋ ስገባ ምን ይጠብቀኛል? ፈርቻለሁ።

ወሬ ነው የሚጠብቅሽ። መቼ ጀመረሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ከቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት አለ ወይ፣ ትጠጫለሽ ወይ፣ ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ። ራስን ስለ ማጥፋትም ትጠየቂያለሽ። ሁሉም ሰው ይጠየቃል፤ አትደንግጪ።

ችግሩ ሐኪሙ የሚያየው የዚያን ቀኗን አንቺን ብቻ ነው። የስሜት ሕመም ደግሞ መልኩ የሚታወቀው በዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ጽፈሽ ሂጂ። በስንት ዓመትሽ መጀመሪያ ወደቅሽ? ስንት ወር ቆየ? በምን ተሻለሽ? በመሃል ከልክ በላይ የፈነደቅሽበት፣ ያልተኛሽበት፣ ገንዘብ የበተንሽበት ሰሞን ነበር? ይህችን የመጨረሻዋን ማንም ሳይጠየቅ አይናገራትም። «ያኔማ ደህና ነበርኩ» ብሎ ያልፋታል። ለእኔ ግን ከገጹ ሁሉ ዋናዋ መስመር እሷ ናት። ቀጣዩን ጥያቄ አንብቢው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ድባቴ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀመረ። በወሩ ሌላ ሰው ሆነ። ሦስት ሰዓት ተኝቶ አይደክመውም፣ ወሬው አይያዝም፣ ሥራዬን ለቅቄ ኩባንያ እከፍታለሁ ይላል። ዳነ እንበል?

ኧረ አትበሉ! ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገሩት። የምትገልጪው ማኒያን፣ ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትን ሁኔታ፣ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጠዋት ይፈዛል፤ ማኒያ የያዘው ግን ትንሽ ተኝቶ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳና ቤቱን ያተራምሳል። ይህ አንድ ሳምንት ከቆየ ወይም ሆስፒታል ካስገባ ማኒያ ነው። ቀለል ያለውና ቢያንስ 4 ቀን የሚቆየው ሃይፖማኒያ ይባላል። ማኒያ ከነበረ ባይፖላር 1፣ ሃይፖማኒያና ድባቴ ከተፈራረቁ ባይፖላር 2 ነው።

ባይፖላር ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚመጣው በወደቀበት ሰሞን ነው። ያን ቀን ከሌላው ድባቴ አይለይም። የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጠው ደግሞ ወደ ላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል። ሐኪሙን አትውቀሱት፤ የድሮውን ታሪክ የነገረው ላይኖር ይችላል። እስከ ቀጠሮው ገንዘቡንና የመኪናውን ቁልፍ በዘዴ ያዙ። አትከራከሩት። ማኒያ ውስጥ ያለን ሰው በክርክር የረታ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ለባይፖላር ሊትየም ታዘዘልኝ። ኢንተርኔት ላይ መርዝ ነው ይላሉ።

ከበዛ አዎ፣ ይመርዛል። ደምሽ የሚለካውም ለዚሁ ነው። ግን አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በ1949 እ.ኤ.አ. ለማኒያ መጥቀሙን ካሳየ ወዲህ ለባይፖላር እሱን የሚያክል ብዙ አልተገኘም። ራስን የማጥፋት አደጋንም ይቀንሳል። እኔ ስሙ ያለ አግባብ ጠፋ ባይ ነኝ።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ማታ 3 ሰዓት ከዋጥሽ ደም የሚወሰደው ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት ሲሞላ። የጠዋቱን ኪኒን ውጠሽ ከሄድሽ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሐኪሙን ያሳስታል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው። ኩላሊትና ታይሮይድም በየጊዜው ይታያሉ።

ቤት ውስጥ የምትጠነቀቂው ሰውነትሽ ውሃ እንዳያጣ ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዝሽ ሊትየሙ ደምሽ ውስጥ ይከማቻል፤ ደውለሽ ጠይቂ። ጨው በአንድ ጊዜ አትቁረጪ። ለራስ ምታት ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሳትጠይቂ አትውሰጂ። ፓራሲታሞል ይሻላል። እጅሽ ክፉኛ ከተንቀጠቀጠ፣ ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ ወይም ምላስሽ ከተሳሰረ ቀጣዩን ኪኒን ሳትውጪ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ጥያቄ፦ ሰርትራሊን ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ማቅለሽለሽ እንጂ ለውጥ የለም። ላቁመው?

ገና ነው። የእነዚህ የድባቴ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት ይቀድማል፣ ጥቅማቸው ይከተላል። ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ በደንብ ለመፍረድ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስተውለው አብሮህ የሚኖረው ሰው ነው። «ዛሬ ተጣጥበሃል» ይልሃል፣ አንተ ግን አልታወቀህም። ዕድሜህ ከ25 በታች ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከባሰብህ ቀጠሮ አትጠብቅ። ከኪኒኑ ጎን የንግግር ሕክምና ካገኘህ ውሰደው፤ ቀለል ላለ ድባቴ ብቻውን የሚበቃበት ጊዜም አለ።

ጥያቄ፦ የድባቴ መድኃኒት ሱስ ይሆንብኛል? ሲሻለኝስ ልተወው?

ፍሉኦክሴቲንም ሰርትራሊንም ሱስ አያስይዙም። ሱስ የሚሆኑት ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚሰጡት እንደ ዳያዜፓም ያሉት ናቸው፤ እነሱ ለአጭር ጊዜ ይሁኑ። የድባቴ መድኃኒትን በአንድ ቀን መጣል ግን ማዞርና መነጫነጭ ያመጣል፤ ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው። ከዳንሽ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፤ ሕመሙ የተደጋገመበት ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ። በጣም የምፈራው «ተሻለኝ» ብሎ ራሱ ያቆመውን ሰው ነው። በተለይ ሊትየምን በድንገት ያቆመ ሰው ማኒያው ቶሎ ሊያገረሽበት ይችላል።

ጥያቄ፦ ለባይፖላር ቫልፕሮይክ አሲድ የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ። ማርገዝ እፈልጋለሁ።

ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽን አግኚ። ጽንሱን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል ሌላ መድኃኒት ይፈለግልሻል። በራስሽ ግን አታቁሚው።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ ማከም አሁንም አለ? ጭካኔ አይደለም?

አለ። ፊልም ላይ ያያችሁትን እርሱት። በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ተሰጥቶት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ዙር ነው። በዚያ ሰሞን ትውስታ ሊዛባ ይችላል። መብላት መጠጣት ትቶ የተኛን ሰው ከአልጋ ሲያነሳ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «ባልኖር ይሻላል» አለችኝ። ብጠይቃት ሐሳቡን የማስገባባት መሰለኝ።

አታስገቢባትም። በግልጽ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» በያት። ዕቅድ አላት ወይ ብለሽ ጨምሪ። አለኝ ካለች ብቻዋን አትተያት። የተከማቸ መድኃኒትና አደገኛ ነገር ከአጠገቧ ይራቅ። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ሚስጥር ጠብቂልኝ ብትልሽ ይሄንን አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ አልተስማማኝም። ብቀይር ነውር ነው?

ነውር የለውም። ግን ባዶ እጅህን አትሂድ። እስካሁን የወሰድካቸውን መድኃኒቶች ስም፣ መጠን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደወሰድካቸውና ለምን እንደተዉ ጻፍ። አዲሱ ሐኪም ያልሠራልህን መድኃኒት ድጋሚ እንዳያዝልህ።