ስለ እግርሽ አትጨነቂ

ሎንደን ላላችሁ ልጆች፣

በቀደም አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ለስደተኞች መርጃ ማራቶን ልሮጥ ነው፤ ምን ይመክሩኛል?» አለችኝ። «ስለ እግርሽ አትጨነቂ፤ ስለ አፍሽ ተጨነቂ» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነው።

የሎንደን ማራቶንን በ56 ዓመቴ ሮጫለሁ። ሮጫለሁ ማለቱ እንኳ ይበዛበታል፤ ግማሹን ራሴን እየጎተትኩ ነው የጨረስኩት። ሙያዬ ሂሳብ ነውና ከሂሳቡ ልጀምር። የመግቢያ እጣ ያልደረሰው ሰው በበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ይገባል። ድርጅቱ ቦታውን ከአዘጋጆቹ በገንዘብ ይገዛል። ሯጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ 2,000 ፓውንድ ገደማ ለመሰብሰብ ቃል ይገባል። ስለዚህ የሚሰጧችሁ ቲሸርት ስጦታ እንዳይመስላችሁ፤ እዳ ነው።

እኔ ቃል ገብቼ አራት ወር ዝም አልኩ። «ልምምድ ላይ ነኝ» እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ መጠየቅ አፍሬ ነው። እጅ መዘርጋት ነውር ነው ተብዬ ነዋ ያደግኩት! ለሐዘን ቤት መዋጮ ሲሆን ግን ደብተር ይዤ በር አንኳኳለሁ። ይሄም ያው መዋጮ መሆኑ የገባኝ የካቲት ላይ ነው። ሩጫው ሚያዝያ ነበር።

ሰው ገንዘብ የሚሰጥበትን የመዋጮ ገጻችሁን ሊንክ ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ጥላችሁ አትቀመጡ። እኔ ጥዬ ያገኘሁት አውራ ጣት ብቻ ነው። ገንዘብ የመጣው ስደውል ነው። መጀመሪያ እጁ የማያጥረውን ዘመድ ያዙ፤ 50 ፓውንድ ቀድሞ ከታየ ቀጥሎ የሚመጣው 5 ለመስጠት ያፍራል። ግብር የሚከፍል ሰው ከሆነ ጊፍት ኤይድ የምትለዋ ሣጥን ላይ ምልክት እንዲያደርግ ንገሩት። በ10 ፓውንድ ላይ መንግሥት 2.50 ይጨምርበታል፤ ከሰጪው ኪስ አይወጣም። ደግሞ ሰው እንዲያዝን ብላችሁ የስደተኛ ፎቶ አትለጥፉ። እኔም በዚያ ወረፋ አልፌያለሁ፤ ያኔ ማንም ፎቶ ቢያነሳኝ አልወድም ነበር።

ስለ ሩጫው ብዙ አልልም። «የአበበ ቢቂላ አገር ሰው» መባል ደስ ይላል፤ ጉልበት ግን አይሆንም። መነሻው ግሪኒች አካባቢ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ቁልቁለት አለው። እኔ ቁልቁለቱን በረርኩ። ታወር ብሪጅ ላይ ሕዝቡ ሲጮህ እጄን አውለበለብኩ። ካነሪ ዎርፍ፣ ወደ 30ኛው ኪሎ ሜትር ስደርስ ግራ ባቴ ድንጋይ ሆነ። ወንዶች፣ የጡታችሁን ጫፍ ቫዝሊን ቀቡ። አትሳቁ፣ ይደማል።

ሩጫው ሳምንት ሲቀረው ካሌዶኒያን ሮድ፣ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት በር ላይ፣ ጥገኝነት ጠይቆ ሆቴል የሚኖር ልጅ 5 ፓውንድ ሰጠኝ። አራት ላይ አጥፏት ነበር፤ ፕላስቲክ ናትና መዳፌ ላይ ተመልሳ ተዘረጋች። ምግብ የሚቀርብበት ሆቴል ላለ ሰው በሳምንት የሚሰጠው ዛሬም 10 ፓውንድ አይሞላም። «አልቀበልህም» አልኩት።

«ለምን? የኔ ብር አይቆጠርም?» አለኝ።

ተቀበልኩ። ማታ ላስገባለት ኮምፒውተር ከፍቼ ጊፍት ኤይድ ሣጥኗ ጋ ደረስኩ። ዘለልኳት። ልጁ ግብር አይከፍልም፤ ሥራ እንዲሠራ አልተፈቀደለትም። አምስቷ አምስት ሆና ገባች።