ባሩን ከማዘዝህ በፊት ጎሚኒውን እይ

ጥያቄው የመጣው ከሐረር ነው። አንባቢያችን ከአባቱ የወረሳት በፈረንጅ አቆጣጠር የ1968 ኤምጂቢ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ስፖርት መኪና አለችው። ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ «ልትገለበጥ ነው እስኪያሰኝ ትጋደማለች» ይላል። ውጭ አገር ያለ ወንድሙ ከፊት 22 ሚሊ፣ ከኋላ 16 ሚሊ ውፍረት ያለው ስታቢላይዘር ባር ሊልክለት ነው። አሁን ከፊት ያለውን ባር ለክቶ 14 ሚሊ አግኝቷል፤ ከኋላ ምንም የለም። ላስመጣው ወይ? እንዴትስ ላስገጥመው? ይላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» ብለኸኛል። አቦ፣ እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ እዚህ አንቱታ ብዙም አይሠራም። አንተ በለኝ።

መልሴ፦ ከፊት 16 ሚሊ ይበቃሃል፣ የኋላውን ተወው።

ባሩ የግራና የቀኙን ጎማ በሻንሲው ስር የሚያያይዝ ዘንግ ነው። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ሲነሱና ሲወርዱ ጎሚኒው ውስጥ (ባሩን ሻንሲው ላይ አቅፎ የሚይዘው ለስላሳ ማቀፊያ ነው) ዝም ብሎ ይዞራል። ኩርባ ላይ አንዱ ጎን ሲጫንና ሌላው ሲነሳ ግን ይጠመዘዛል፤ መጋደሉን የሚይዘው ያ ነው። ሰው የሚሳሳተው ውፍረቱ ላይ ነው። ጥንካሬው የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው፤ ማለትም ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ቅርጹና ርዝመቱ አንድ ከሆነ፣ 14 የነበረው 16 ሲሆን ጥንካሬው 1.7 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ 19 ሲሆን 3.4 እጥፍ። የወንድምህ 22 ደግሞ ስድስት እጥፍ ነው። ያለህን ባር ስድስቱን ጎን ለጎን አስረህ እንደመንዳት ቁጠረው።

ባር በጠነከረ ቁጥር አንዱ ጎማ የረገጠውን ድንጋይ ለሌላው ያቀብላል። የሐረር ኮብልስቶን ላይ ወገብህ ይነግርሃል። ከፊት ብቻ ከመጠን በላይ ሲበረታ መሪውን ብታዞርም መኪናዋ ወደፊት መግፋት ትወዳለች። ከኋላ ሲበረታ ደግሞ ኋላዋ ይወጣል፤ እኔ የምፈራው ይሄኛውን ነው። ያንተ መኪና ከኋላ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ድፍን አክስል ነው ያላት። ዝናብ ጠብ ባለበት ቀን፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ኩርባ መሃል ደንግጠህ ነዳጁን ብትለቅ መኪናዋ ዞራ የመጣህበትን ልታሳይህ ትችላለች። ከዚያ መጋደሏ ይሻላል፤ የተጋደመች መኪና ቢያንስ ቀድማ ታስጠነቅቃለች።

«ፋብሪካው ራሱ ከኋላ ባር ያደርግ የለም ወይ?» የሚልህ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ግን ለሌላኛዋ ነው። የአሜሪካን ሕግ ለማሟላት ብለው ትልቁን ጥቁር መከላከያ ሲያስገቡ መኪናዋን ከፍ አደረጓት፤ ለ1975 ሞዴል ደግሞ ወጪ ለመቀነስ የፊቱን ባር ከመደበኛ ዕቃነት አወጡት። አነዳዷ ተበላሸ። በ1977 የኋላ ባር መደበኛ ያደረጉት ያንን ለማስተካከል ነው። ያንተዋ ክሮም መከላከያ ያላት፣ ዝቅ ያለችዋ ነች፤ ያ በሽታ የለባትም።

ታዲያ በሽታዋ ምንድን ነው? ባሩ ቦታው ላይ እያለ እንዲህ ከተጋደመች እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጎሚኒውን ነው። ከሥር ግባና ባሩን ሻንሲው ጋ በእጅህ ጨብጠህ ወደላይና ወደታች ነቅንቀው። ኳ ኳ ካለ፣ ወይም በባሩና በጎሚኒው መካከል ጥፍርህ ከገባ፣ ባሩ መጠምዘዝ ከመጀመሩ በፊት ትርፍ ቦታውን እየበላ ነው ማለት ነው። የድሬ ሙቀት ጎማን ያደርቃል፤ ጎንበስ ብለህ ስታየው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ታገኘዋለህ። ከዚያ አሞርዛተሩን እይ። በዚህች መኪና የፊቱ አሞርዛተር ጎማውን ከላይ የሚይዘውን ክንድ ሥራም ደርቦ ይሠራል፤ ዘንጉ አካባቢ ዘይት ካለቀሰ ባር ብትቀያይር አይሰማህም። ጎማውንም አትርሳ። ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩሃል። አልፎ አልፎ ብቻ የምትወጣ መኪና ጎማዋ ሳያልቅ ያረጃል።

አሁን ገጠማው። ብሎኖቹ የኢንች ናቸው። 13 ቁልፍ ግማሽ ኢንቹ ላይ የገባ ይመስላል፤ ግን ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ነው፣ ዳዶውን ላጭተህ ትቀራለህ። የኢንች ቁልፍ ፈልገህ ተዋስ። አሮጌው ብሎን ዝገት ከያዘው ቀድመህ በማታው ዘይት አጠጣው።

የጎማ ጎሚኒ ከሆነ ግራሶ እንዳታስነካው፣ ያሳብጠዋል። በሳሙና ውሃ አንሸራተህ አስገባው። ፖሊዩሬቴን ከላኩልህ ደግሞ የሲሊኮን ግራሶ ካልቀባኸው እንደ በር ማጠፊያ ሲጮህ ይኖራል። እኔ ለመንገዳችን የጎማውን እመርጣለሁ።

መኪናዋን በአንድ ጎን ክሪክ አንስተህ ባሩን አታስር። አንዱ ጎማ ተንጠልጥሎ ሌላው መሬት ላይ ከሆነ ባሩ ገና ከመጀመሪያው ተጠምዝዟል። ባሩን ሻንሲው ላይ የሚይዙትን ቅንፎች አላልተህ ያዛቸው፣ ከዚያ ክብደቷ አራቱም ጎማ ላይ እንዳለ፣ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ውስጥ፣ ሊንኮቹን (የባሩን ጫፍ ከጎማው ክንድ ጋር የሚያያይዙትን አጫጭር ዘንጎች) አስገባ። የመጨረሻው ብሎን በጣት ተገፍቶ መግባት አለበት። መዶሻ ካስፈለገው የሆነ ነገር ልክ አይደለም፤ ሊንኩን ለካ።

ይሄን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ድሮ ለአንድ ደንበኛ ፔጆ ሊንክ በቶርኖ አሠርቼ አንዱ ጎን አንድ ሴንቲ ገደማ አጠረ። መኪናው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፣ እኔ ደግሞ ሞላው ደክሟል ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሞላ ሳወጣና ሳገባ ዋልኩ። ሊንኩን በሜትር የለካው የአሥራ ስድስት ዓመት ረዳቴ ነው።

አስረህ ስትጨርስ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረህ ባሩ ጎማና የፍሬን ቱቦ እንደማይነካ እይ። ሙከራህን ሰፊና ደልዳላ አስፋልት ላይ በ40 ጀምር፤ ደንገጎን ለመጀመሪያ ቀን አትምረጠው። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከነዳህ በኋላ ሁሉንም ብሎን እንደገና አጥብቅ።

ለወንድምህ እንዲህ በለው፦ የፊት ባር 16 ሚሊ፣ ከነሊንኩና ከነጎማ ጎሚኒው፣ ለክሮም መከላከያዋ ሞዴል። ባሩ እስኪመጣ ጎሚኒ ብቻ ቀይረህ አንድ ጊዜ ወደ ድሬ ውረድና ሞክራት፤ ምናልባት ባሩም ላያስፈልግህ ይችላል። ብትቀይረውም አሮጌውን 14 ለቆራሌው እንዳትሰጠው፤ አዲሱ ኮብልስቶኑ ላይ ካስመረረህ ያን ቀን ትፈልገዋለህ።