ንግሥቲቱ፣ በሬውና የመነኩሴው ማስታወሻ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ደብሊን ነው፤ አረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራለሁ። የምንከባከባቸው አንዲት እናት ልብ ወለድ መጽሐፍ ሰጡኝ። ሜቭ የምትባል የጥንት ንግሥት ራሷ «እኔ» እያለች የምትተርክበት ነው። በአንድ በሬ ሰበብ ጦር ታዘምታለች። እሳቸው «ታሪካችን ነው» ይላሉ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ግን «ተረት ነው፤ ደራሲዋ ደግሞ ተረቱንም አበላሽታዋለች» አለችኝ። ወንድሜ ይባስ ብሎ «የጣዖት መጽሐፍ ምን ያደርግልሻል?» ይለኛል። ማንን ልስማ? እኔም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ መጻፍ ያምረኛል። ስሞቹን በፊደላችን እንዴት እንደምጽፍ ራሱ ጨንቆኛል።
የዘወትር አንባቢዎ፣ ከደብሊን

መልስ፦ ልጄ፣ ከወንድምሽ ልጀምር። ለእሱ መልስ የሚሰጠው አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው።

የሜቭ ታሪክ «ታይን ቦ ኩሊ» ይባላል፤ የኩሊ ከብት ዘረፋ ማለት ነው። (ኩሊ የቦታ ስም ነው፤ ከደብሊን በስተሰሜን ያለ ባሕረ ገብ መሬት። ተሸካሚ እንዳይመስልሽ።) ብራና ላይ ያሰፈሩት የክርስቲያን ገዳማት ጸሐፊዎች ናቸው። በ12ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የሌንስተር መጽሐፍ ታሪኩን ሲጨርስ ሁለት ማስታወሻ አለው። አንዱ በአይሪሽ ነው፤ ይህን ሳይለውጥ በቃሉ ለሚይዝ ሁሉ በረከት ይሁን ይላል። ሌላው በላቲን ነው። እኔ ይህን ታሪክ፣ ይልቁንም ተረት የጻፍኩ፣ በውስጡ ያለውን አንዳንድ ነገር አላምንበትም ይላል። አንዳንዱ የአጋንንት ማታለያ ነው፣ አንዳንዱ የባለቅኔ ፈጠራ፣ አንዳንዱ እውነት ይመስላል፣ አንዳንዱ አይመስልም፣ አንዳንዱም ለሞኝ መሳቂያ ነው ይላል።

መጀመሪያ ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ። ሰውዬው አላምንም እያለ በሬውን፣ አማልክቱን፣ እርግማኑን አንድ በአንድ ጽፎልናል። ያ ሁሉ ብራና ተዳምጦ፣ ያ ሁሉ ቀለም ተበጥብጦ! እሱ ጽፎት ካልረከሰ አንቺ አንብበሽው አትረክሺም። ብራናው እዚያው ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ አለ።

ወደ ሜቭ ስንመጣ፣ ነገሩ የሚጀምረው በመኝታ ነው። ሜቭና ባሏ አሊል ተጋድመው ሀብት ይቆጣጠራሉ። ጋኑ፣ ባልዲው፣ ቀለበቱ፣ ልብሱ፣ በጉ፣ ፈረሱ፣ አሳማው ይመጣል። ሁሉም እኩል ሆነ። አሊል ግን በአንድ ቀንደ ነጭ በሬ በለጣት። የሚያናድደው በሬው የተወለደው ከእሷ መንጋ መሆኑ ነው፤ የሴት ንብረት አልባልም ብሎ ወደ ባሏ መንጋ ሄደ! ሜቭ የሚስተካከለው ቡናማ በሬ ኩሊ እንዳለ ሰማች። ለአንድ ዓመት አውሱኝ ብላ 50 ጊደር፣ መሬት፣ ሠረገላና የራሷን ገላ ጭምር አቀረበች። ባለቤቱ እሺ አለ። ማታ ግን መልእክተኞቿ ጠጥተው «ባይሰጠንም በጉልበት እንወስደው ነበር» ብለው ጉራ ነዙ። ባለቤቱ ሰማ፣ ሐሳቡን ቀየረ። ጦርነቱ የመጣው እንዲህ ነው። ከመጠጥ ቤት ወሬ።

ባልደረባሽ «ተበላሽቷል» ያለችው ደራሲዋ ሜቭን የተበደለች፣ ለሴት መብት የቆመች አድርጋ ስላቀረበቻት ይመስለኛል። እኔ በዚህ አልቆጣም። የጥንት የአየርላንድ ሕግ በባልና ሚስት መካከል የበላይነትን የሚያየው ማን ምን ያህል ሀብት ይዞ መጣ በሚል ነበር። ስለዚህ የመኝታ ቤቱ ቆጠራ ቀልድ ብቻ አይደለም። እኔ የምቆጣው ሌላ ነገር ሲደበቅ ነው። ያ ለበሬው የቀረበው ሠረገላ ዋጋው ሦስት ጊዜ ሰባት ሴት ባሪያ ነው ይላል ብራናው። ሴት ባሪያ የዋጋ መለኪያ ነበረች። ሜቭን አርበኛ አድርጎ ይህን መስመር የሚዘል ልብ ወለድ እኔን አታሎኛል ማለት ነው። አንቺ ስትጽፊ ከእነዚያ 21 ሴቶች አንዷን ስም ስጫት።

ታሪክ ነው ወይ ላልሽው፣ እንደተጻፈው አይደለም። በ1964 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ኬኔዝ ጃክሰን የተባሉ ምሁር እነዚህን ታሪኮች ከክርስትና በፊት የነበረውን የብረት ዘመን የሚያሳይ መስኮት ብለዋቸው ነበር። በኋላ የመጡ ብዙ ምሁራን መስኮቱ የሚያሳየው የጸሐፊዎቹን ዘመን ነው አሉ። ጀግኖቹ ረጅም ሰይፍ ይመዛሉ፣ በብር ያጌጣሉ። ከመሬት የወጣው የአየርላንድ የብረት ዘመን ሰይፍ ግን አጭር ነው።

እኔም ሞኝ ሆኛለሁ። አስተማሪ ሳለሁ ካነበብኩት ልብ ወለድ ተነስቼ፣ የጥንት አይሪሽ ጦረኛ ቅቅል ድንች በልቶ ይዘምት ነበር ብዬ ክፍል ውስጥ ተናገርኩ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ድንች ከአሜሪካ አይደል የመጣው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ድንች አየርላንድ የደረሰው ከ1500ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። እኛም ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን ቀይ ዶሮ ወጥ ስናበላ ያው ነን፤ በርበሬም የአሜሪካ ተክል ነው፣ እሳቸው ደግሞ ያረፉት ኮሎምበስ ከመነሳቱ በፊት በ1468 ነው።

ስሞቹን ከአይሪሹ ድምፅ ጻፊ። «ኸ» አላቸው፣ እኛም አለን፤ እንግሊዝኛ ነው የሌለው። ስለዚህ የሜቭን ጦር የሚገጥመውን ጀግና ኩ ኹለን ብለሽ ጻፊ። የኩላን ውሻ ማለት ነው፤ ልጅ ሳለ የአንጥረኛውን የኩላንን ውሻ ገድሎ በምትኩ ዘብ ስለቆመ ነው። እኛ ለጀግና የፈረስ ስም እንሰጣለን፣ እነሱ የውሻ ሰጡት። ሐውልቱን ሳታውቂው አልፈሽው ይሆናል፤ ኦኮነል ጎዳና፣ ዋናው ፖስታ ቤት ውስጥ ነው። ቆሞ ልሙት ብሎ ራሱን ከድንጋይ ጋር አስሯል። ትከሻው ላይ ወፍ ያረፈችው መሞቱን ልትናገር ነው።

እኔ አንቺን ብሆን ግን ሜቭንም እሱንም ትቼ ማኸ ስለምትባለው ሴት እጽፍ ነበር። ባሏ «ሚስቴ ከንጉሡ ፈረሶች ትቀድማለች» ብሎ ፎከረ። እርጉዝ ነበረች፤ እስክወልድ ታገሡኝ ብላ ለመነች። እምቢ አሏት። ሮጠች፣ ቀደመች፣ እዚያው መጨረሻው ላይ መንታ ወለደች። ከዚያ የአልስተርን (የበሬው አገር፣ ሰሜኑ ግዛት ነው) ወንዶች ክፉ ቀን በመጣባችሁ ጊዜ ምጥ ይያዛችሁ ብላ ረገመች። ሜቭ ስትዘምት ኩ ኹለን ብቻውን የተዋጋው ለዚህ ነው፤ ሌሎቹ አምጠው ተኝተው ነበር!

በእሷ ስም የተጠራው ቦታ አርማ ከተማ አጠገብ ነው፤ ዛሬ ናቫን ፎርት ይሉታል። አንድ የዕረፍት ቀን ይበቃሻል። ቆፋሪዎች 40 ሜትር ስፋት ያለው ክብ የእንጨት ሕንፃ አግኝተውበታል። የመሐሉ ምሰሶ የተቆረጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ95 ገደማ መሆኑን ከዛፉ ቀለበት ቆጥረው አውቀዋል። ሕንፃውን ሠርተው ሲጨርሱ ራሳቸው ድንጋይ ሞሉበት፣ አቃጠሉት፣ በአፈር ከደኑት። እዚያው ቦታ ላይ ከሰሜን አፍሪካ የመጣ የዝንጀሮ ራስ ቅል ተገኝቷል። ብራናው ስለዚህ ዝንጀሮ አንድ ቃል አይልም። እሱን ላንቺ ትቼዋለሁ።