ሲስተርን ጠይቁ፦ ከሦስቱ ሆስፒታል የቱን ልምረጥ?

ጥያቄ

ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቴሌሜትሪ (የታካሚዎች ልብ ምት በሞኒተር የሚታይበት ክፍል) ላይ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ትራቭል ነርስ ልሁን፣ በአጭር ኮንትራት ከቦታ ቦታ እየዞርኩ ልሥራ ብዬ ኤጀንሲ ተመዘገብኩና ሥራ የምታገናኘኝ ሪክሩተር ሦስት ቦታ አመጣችልኝ። አንዱ ሂውስተን ያለ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ሁለተኛው ምዕራብ ቴክሳስ፣ ገጠር ውስጥ ያለ ባለ 25 አልጋ ሆስፒታል ሲሆን ከሁሉም የበለጠ የሚከፍለውም እሱ ነው። ሦስተኛው ሎስ አንጀለስ ነው። ሁሉም 13 ሳምንት፣ ሁሉም የሌሊት። የ4 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ እናቴ ጋ ትቆያለች። ጓደኞቼ "ብሩን እዪ" ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይሉኛል?

የአሌክሳንድሪያዋ

መልስ

እህቴ፣ ጓደኞችሽ ብሩን እዪ ማለታቸው ክፋት የለውም። እኔም ለጽድቅ ብዬ አይደለም ሻንጣ እየጎተትኩ ከስቴት ስቴት የዞርኩት። ግን ብሩን መጨረሻ ላይ እዪው። መጀመሪያ የሚታየው ዩኒቱ፣ የምትሠሪበት ክፍል ነው። ሆስፒታሉ ስሙ የገነነ፣ ሕንጻው መስታወት በመስታወት ሊሆን ይችላል። አንቺ የምታድሪው ግን አንድ ፎቅ ላይ ነው። አራተኛው ፎቅ ሰላም ሆኖ ስድስተኛው የሚታመስበት ሆስፒታል ሞልቷል።

ሎስ አንጀለስን ቶሎ እንጨርሰው። የቨርጂኒያ ላይሰንስሽ መልቲስቴት (በብዙ ስቴት የሚያሠራ) ከሆነ ቴክሳስ ላይ ያሠራሻል፤ ሁለቱም የነርሶች ኮምፓክት በሚባለው የስቴቶች ስምምነት ውስጥ ናቸው። ካሊፎርኒያ ግን የለችበትም። ለብቻ ማመልከት፣ አሻራ መስጠት፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ሪክሩተሯ "ይደርሳል" ብትልሽም ላይሰንሱ ሳይወጣ ሥራሽን እንዳትለቂ። ማመልከቻውን ግን ዛሬውኑ አስገቢ። ካሊፎርኒያ አንዲት ነርስ ከስንት ታካሚ በላይ መያዝ እንደሌለባት በሕግ የወሰነች ስቴት ናት፤ ደንቡ ከ2004 ጀምሮ ይሠራል። ቴሌሜትሪ ላይ ከ4፣ ሜድ ሰርጅ (የተለመደው የተኝቶ መታከሚያ ክፍል) ላይ ከ5፣ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ላይ ከ2 አይበልጥም። እረፍት ስትወጪ እንኳ ታካሚዎችሽን የሚረከብሽ ሰው መኖር አለበት። ለሁለተኛው ኮንትራትሽ ትሁንሽ።

ቴክሳስ እንዲህ ያለ ቁጥር በሕግ የለም። ስለዚህ ቁጥሩን ራስሽ ነሽ የምታወጣጪው፤ ቦታው ደግሞ የስልክ ኢንተርቪው ነው። ብዙ ጊዜ የምታናግርሽ የዩኒቱ ማናጀር ናት፤ አጭር ነው። እኛ ሃበሾች ደግሞ "ጥያቄ አለሽ?" ስንባል አመስግነን ስልኩን መዝጋት እንወዳለን። እንዳታደርጊው።

"አንዲት ነርስ ስንት ታካሚ ትይዛለች?" ብትያት ወረቀት ላይ ያለውን ትነግርሻለች። "ትናንት ሌሊት ስንት ስንት ያዙ?" በያት። አንዷን ማናጀር እንዲህ ጠየቅኳት። መጀመሪያ "አራት" ብላኝ ነበር። ትናንትን ስጠይቃት ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ። "ስድስት ነበር፣ ግን ሁለት ሰው ስለቀረ ነው" አለች። "ከትናንት ወዲያስ?" አልኳት። ሳቀች። ሴትዮዋን ወደድኳት፤ ሥራውን ግን አልወሰድኩትም።

ቀጥለሽ ቻርጅ ነርሷ፣ ሺፍቱን የምትመራዋ፣ ራሷ ታካሚ ትይዝ እንደሆነ ጠይቂ። የምትይዝ ከሆነ ሌሊት ላይ ሲጨንቅሽ የምትጠሪው ሰው የለም ማለት ነው። ከዩኒቱ ነርሶች ስንቱ ትራቭለር ናቸው? ቦታው ለምን ተከፈተ? ሁለት ነርሶች ወልደው ከሆነ እሰየው። ግማሹ ሠራተኛ ለቅቆ ከሆነ ግን እነሱ የሸሹትን አንቺ በ13 ሳምንት አታስተካክዪውም።

ፍሎትን ደግሞ አደራ። ሰው ሲጎድል ወደ ሌላ ዩኒት መጀመሪያ የምትላከው ብዙ ቦታ ትራቭለሯ ናት። ይህ አይቀርም፤ ጥያቄው የት ትላኪያለሽ ነው። ሜድ ሰርጅ ከሆነ ይሁን። አይሲዩ ሠርተሽ የማታውቂ ከሆነ ግን አይሲዩ እንደማትላኪ ኮንትራቱ ላይ ይጻፍ። ማናጀሯ በስልክ ቃል የገባችልሽ ነገር ሁሉ ኮንትራቱ ላይ ከሌለ የለም። እሷ ነገ ልትለቅ ትችላለች።

ቴክሳስ ሴፍ ሃርበር የሚባል ነገር አላት። የሚሰጥሽ ሥራ ለታካሚ አደጋ አለው ብለሽ በቅን ልቦና ካመንሽ፣ ያንን በጽሑፍ አሳውቀሽ ላይሰንስሽን ትጠብቂበታለሽ። ከመሄድሽ በፊት አንብቢው፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ፎርም ፍለጋ አይኬድም።

አሁን ስለ ገጠሩ። 25 አልጋ ሲባል ብዙውን ጊዜ ክሪቲካል አክሰስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ በፌዴራል ሕግ አልጋው ከ25 አይበልጥም። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ፍቅራቸው ልዩ ነው፣ ኬክ ጋግረው ይጠብቁሻል። ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። ፋርማሲስቱ ቤቱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ አንድ ብቻ፣ እሱም ድንገተኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። ታካሚሽ ሲከብድበት ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚወስደው አምቡላንስ ወይም ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ከእሱ ጋር የምትቆዪው አንቺ ነሽ። ንፋስ ከበረታ ሄሊኮፕተሩም ላይመጣ ይችላል። ብሩ የበዛው አለነገር አይደለም። ለመጀመሪያ ኮንትራት አልመክርሽም። ሁሉን ነገር ካየሽ በኋላ ሂጂበት፤ ያኔ ትወጂዋለሽ።

ስለዚህ የኔ ድምፅ ለሂውስተን ነው፣ ማናጀሯ በደንብ ከመለሰችልሽ። ትልቅ ሆስፒታል ሌሊትም ሐኪም አለው፣ ፋርማሲስት አለው፣ ሰው ሲከብድበት የሚሮጥ ቡድን አለው። ሠራተኛው ቁጥር ነሽ የሚልሽ ሊመስልሽ ይችላል። ቻይው። ሂውስተን ውስጥ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች የተሰበሰቡበት የሕክምና መንደር አካባቢ የመኪና ማቆሚያ በገንዘብ ስለሆነ እሱንም ጠይቂ፤ ሰው የሚረሳው ወጪ ነው።

ብሩ ላይ ደረስን። ሳምንታዊው ድምር አያታልልሽ። ከሱ ውስጥ በሰዓት የሚከፈለውና ታክስ የሚቆረጥበት ስንት ነው? የቤትና የምግብ አበሉስ? ብዙ ኮንትራት ላይ የሰዓቱ ክፍያ ዝቅ ብሎ አበሉ ከፍ ይላል። አበሉ ታክስ የማይነካው ግን አሌክሳንድሪያ የምትከፍይበት እውነተኛ ቤት ካለሽ ነው። እናትሽ ቤት በነጻ የምትኖሪ ከሆነ "ኧረ ማን ያውቃል" እንዳትዪ። ስትፈርሚ ሳይሆን ከመፈረምሽ በፊት የሂሳብ ባለሙያ አማክሪ። ሌላው፣ ታካሚ አነሰ ተብሎ ቤትሽ ቅሪ ብትባዪስ? በሳምንት ስንት ሰዓት ዋስትና አለሽ? 36 ተብሎ የተጻፈ ነገር ፈልጊ። ካልሠራሽ አበሉንም የሚቀንሱ ኤጀንሲዎች አሉ።

ልጅሽን ረስቼ አይደለም። ሺፍትሽ ተያይዞ እንዲወጣልሽ ጠይቂ። አንዱን ሳምንት ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፤ ቀጣዩን እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ስድስት ሌሊት በተከታታይ ቀልድ አይደለም፣ እግርሽ ይነግርሻል። ግን ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ነጻ ነሽ፤ ሂውስተንና ዋሽንግተን መካከል ደግሞ ቀጥታ በረራ አለ። ይህም ኮንትራቱ ላይ ይግባ። የፋሲካ ፈቃድሽንም አብረሽ አስጽፊ፣ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር በቁጥር። አለበለዚያ "ኢስተር እኮ አለፈ" ብለው ለቅዳሜ ሌሊት ያስገቡሻል።